ስለ ጉበትሽና ስለ ጉበቴ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለታላቅ እህቴ፤

እንዴት ከረምሽልኝ? ሰላምሽ እንዴት ነው? እንቅልፉስ፣ ጉልበቱስ፣ ራስ ምታቱስ? ጋሼ ባለቤትሽ እንዴት ናቸው፤ ወገባቸው ለቀቅ አደረጋቸው ወይስ አሁንም ከወንበር ሲነሱ ቤተሰቡ ሁሉ ሥራ አቁሞ ይጠብቃቸዋል? እማዬስ መነጽሯን አገኘች? ባለፈው በስልክ እያወራችኝ «ጠፋብኝ» እያለች ስትፈልግ፣ ልጆቹ ግንባሯ ላይ እንዳለ ሳይነግሯት ሲስቁ ይሰማኝ ነበር። ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምለው እንደ ወትሮው ለአፍ ያህል አይደለም፤ በዚህ ሰሞን ደህንነቴ በማሽን ተለክቷል፤ ውጤቱንም ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትዪኝ። በስልክማ ሞክሬ ነበር። ስለ ጎረቤቶቻችሁ ጠብ ስናወራ መስመሩ ጥርት ይላል፤ ስለ ጋሼ ወገብ ስናወራ አጠገቤ የተቀመጥሽ ያህል ትሰሚኛለሽ፤ «ጉበት» ለማለት አፌን ስከፍት ግን ይቋረጣል። መጀመሪያ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። ደጋግሜ ስሞክር አንድ ቃል ብቻ መርጦ የሚቋረጥ ኔትወርክ እንደሌለ ገባኝ። ደብዳቤ ደግሞ ጆሮ ላይ አይዘጋም። ቀድደሽ ልትጥዪው ትችያለሽ፤ ግን አውቅሻለሁ። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ዳር እስከ ዳር ሳታነቢ አትጥዪም።

ነገሩን የነገረችኝ የክሊኒኩን ወረቀት ያየችው ትልቋ ልጅሽ ናት። አትቆጪያት፤ ጠምዝዤ ያወጣጣኋት እኔ ነኝ። ለጨጓራሽ ብለሽ ክሊኒክ እንደሄድሽ፣ ሐኪሙ ሆድሽን በአልትራሳውንድ ሲያይ ጨጓራውን ትቶ ጉበትሽ ላይ ስብ እንዳገኘና ለተጨማሪ ምርመራ ተመለሺ እንዳለሽ ነገረችኝ። አንቺም «እሺ» ብለሽ ወጥተሽ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳትዪ ቤት ገብተሽ፣ ቁም ሣጥንሽን ከፍተሽ ልብስሽን ማደል ጀመርሽ አሉ። ጥቁሩ ካፖርት ለልጅሽ፣ ግራጫው ሹራብ ለጎረቤትሽ ለልብስ ሰፊዋ፣ ገና ያልተረገጠው ጫማ ለጋሼ እህት። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከልጅሽ ሰምታ፣ ለሹራቡ ብድር ለመመለስ ይመስለኛል፣ «ጉበት ያጥባል» ያለችውን የቅጠል ጭማቂ በጠርሙስ ሰጥታሻለች፤ ጠዋት ጠዋት አፍንጫሽን ይዘሽ ትጠጪዋለሽ ብላኛለች ልጅሽ። እትዬ፣ በቁሙ ውርስ የሚያከፋፍል ሰው መቼም ደግ ሰው ነው፤ የዘመድ ጠብ ያስቀራል። ነገር ግን ካፖርቱ ልጅሽን ትከሻዋ ላይ ይሰፋታል። ለእሷ ስትዪ እንኳ ጥቂት ዓመታት ብትቆዪ ጥሩ ነው።

አሁን ለቤተሰቡ ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። ያንቺው በሽታ እኔም ጋ አለ። ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ያልነገርኩሽ ደግሞ ልክ አንቺ ባልተናገርሽበት ምክንያት ነው፤ ከአንድ ማኅፀን የወጣን መሆናችንን ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ካለ ይህን አሳዪው።

እንደምታውቂው ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው፤ ከፎቅ ፎቅ እየዞርኩ ገመድ እፈትሻለሁ፣ በር አስተካክላለሁ፣ ሞተር ዘይት እቀባለሁ። መሥሪያ ቤታችን በየዓመቱ ያስመረምረናል። አምና የመረመረኝ ወጣት ሐኪም የደም ውጤቴን አየና ቀና ብሎ «ስንት ትጠጣለህ?» አለኝ። «አልጠጣም» አልኩት። «ቅዳሜና እሑድስ?» አለ። «ቅዳሜና እሑድም አልጠጣም።» «ሠርግ ላይስ?» «ዶክተር፣ በምላሴ ነክቼው አላውቅም» ስለው ዓይኑ በሐዘን ሞላ፤ ለራሱ እንኳ እውነቱን መናገር ያቃተው ሰው መስዬው ነው። ከእሱ ይልቅ የጎዳኝ ባልደረባዬ ፊውዝ ነው። ቶሎ ስለሚቃጠል ነው እንዲህ የምንለው። «እኔ የምጠጣው ጤነኛ ሆኜ አንተ ውኃ ጠጥተህ ጉበትህን ጨረስክ? ስምህ ከጠፋ ላይቀር ትጠጣው ነበር» አለኝ፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። መጠጥም ጉበትን የሚያቃጥል ነገር እንደሆነ በኋላ ሌላ ሐኪም ነግራኛለች፤ ፊውዝ ግን የራሱን ውጤት ራሱ ይጠይቅ ብዬ ትቼዋለሁ።

ወደ ጉበት ሐኪም ላኩኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ስታወራ ዓይኗን ከፊቴ ይልቅ ቀኝ ጎኔ ላይ የምትጥል ሴት ናት፤ አንዳንዴ ከእኔ ጋር ሳይሆን ከጉበቴ ጋር ቀጠሮ ያላት ትመስላለች። መጠጥ አለመጠጣቴን ወዲያው አመነችኝ። በደስታ ልስማት ነበር። ቀጥላ ግን «ታዲያ ምን ትጠጣለህ?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ጠዋት ስኳሩ ብዙ የሆነ ሻይ በብስኩት፣ ምሳ ላይ ለስላሳ፣ ከሰዓት ድካም ሲሰማኝ ሌላ ለስላሳ፣ ማታ ደግሞ የቀኑን ሁሉ የሚያካክስ ሰሃን። «እንቅስቃሴስ?» አለች። «ቀኑን ሙሉ ስወጣና ስወርድ ነው የምውለው» አልኳት። «በደረጃ?» አለችኝ። «በሊፍት» አልኳት። «ደረጃ መቼ ትወጣለህ?» «ሊፍቱ ሲበላሽ።» ጻፈች። ብዙ ጻፈች።

ከዚያ ነገሩን ከሥር አስረዳችኝ፤ እኔም እንዳስረዳችኝ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም አንቺ የፈራሽው የማታውቂውን ነገር ነው። ጉበት የሰውነት ጓዳ ነው አለች። የምንበላው የምንጠጣው በእሱ በኩል ያልፋል፤ ለዛሬ የሚበቃውን ያከፋፍላል፣ የተረፈውን ለነገ ያስቀምጣል። የሚተርፈው በየቀኑ ሲሆን፣ በተለይ ስኳር እንደ ጎርፍ ሲገባበት፣ ማስቀመጫው ይሞላና ትርፉን ወደ ስብ እየለወጠ በገዛ ሥጋው ውስጥ ያከማቸዋል። ጉበት የተሠራባቸው ጥቃቅን ክፍሎች እያንዳንዳቸው የዘይት ጠብታ ይቋጥራሉ። ጠብታው ሲያብጥ የክፍሉ የራሱ ዕቃ ወደ ጥግ ይገፋል፤ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ቁም ሣጥንና ሶፋ ሲገዛ ሲገዛ መጨረሻ ላይ ራሱ በር ላይ ቆሞ የሚያድር ሰው አስቢ። ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ አያምም፣ አይቆረጥምም፣ ቢበዛ ቀኝ ጎን ላይ ትንሽ ክብደትና ድካም ነው።

አንዳንድ ሰው ዕድሜ ልኩን እዚያው ይቆያል። በአንዳንዱ ግን የተጨናነቁት ክፍሎች መቆጣት ይጀምራሉ፤ ይቆስላሉ፣ ይሞታሉ። ሰውነት ቁስል ባየበት ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በሞቱት ቦታ ጠባሳ ይለጥፋል። ጠባሳ ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ ሥራ አይሠራም። እየበዛ ሲሄድ ጉበቱ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ደም እንደልቡ አያልፍበትም፤ ሆድ ውስጥ ውኃ የሚቋጥረው ያኔ ነው። ይህ ግን በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል። እኔን የገረመኝ ይህ ነው፣ እትዬ። እኛ የምንጠግነው ሊፍት አንድ ሰው ሲበዛበት ደወል ይጮኻል፣ በሩን ከፍቶ አልንቀሳቀስም ይላል፤ የገባው ሁሉ እርስ በርሱ ተያይቶ፣ መጨረሻ የገባው አፍሮ ይወርዳል። ጉበት ደወል የለውም። የጫኑበትን ሁሉ ተሸክሞ ዝም ነው። ስለዚህ ያንቺው ሐኪም ጨጓራሽን ሲፈልግ ጉበትሽን ማየቱ መርዶ አይደለም፤ ደወል በሌለው ነገር ላይ አንድ ሰው በጊዜ ደወለልሽ ማለት ነው።

ያኔ አባባ ትዝ አለኝ። አንቺም ትዝ ያለሽ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያበጠ ሆዱን በፎጣ ስትጠርጊ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ሰው ሁሉ «ተደብቆ ሲጠጣ ኖሮ ነው» አለ። የሚያውቀው ሁሉ በሻይ ቤት እንጂ በመጠጥ ቤት አይቶት እንደማያውቅ እያወቀ አለ። እማዬ እንኳ አንድ ሰሞን ጠርሙስ ፍለጋ ከአልጋው ሥር ስታጎነብስ አይቻታለሁ። ለሐኪሟ ነገርኳት። «የሞተን ሰው ሳላይ መመርመር አልችልም» አለችኝ፤ ሐቀኛ ሴት ናት። ቀጥላ «ውፍረት ነበረው? ስኳር በሽታ ነበረበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም ነበሩበት አልኳት፤ ማንኪያ የሚያቆም ሻይ ይጠጣ እንደነበርም ጨመርኩላት። «እንግዲያው ጠርሙስ ሳያነሳም በዚህ መንገድ ሊሄድ ይችል ነበር፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚደጋገምበትም ጊዜ አለ» አለችኝ። ከዚያ ክፍል ስወጣ ስለ ራሴ ከመፍራት ይልቅ ስለ አባባ ነው የቀለለኝ። አንቺ ደግሞ ሰው «ይህችም እንደ አባቷ» ይለኛል ብለሽ የምትደበቂ ከሆነ፣ የሚሉት ነገር ያኔም ልክ ሳይሆን ቀርቶ ይሆናል፤ ልክ ባልነበረ ነገር ደግሞ ሁለት ሰው መሞት የለበትም።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። የጉበቴን ጥንካሬ የሚለካ ማሽን ጎኔ ላይ አሳርፋ ገና መቆጣት እንጂ ብዙ ጠባሳ እንደሌለ አየች። መድኃኒት ታዝልኛለች ብዬ ስጠብቅ ደረጃ አዘዘችልኝ። ለስላሳውን ተው፣ ሻይህን አምርረው፣ ሰሃንህን አሳንሰው፣ በየቀኑ ተራመድ፣ በሥራ ላይ ደግሞ ደረጃ ውጣ አለችኝ። ለሊፍት ጠጋኝ።

እኔም እሺ ብዬ በማግሥቱ ትልቁ የመኖሪያ ሕንጻ ላይ የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቼ ደረጃውን ያዝኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ላብ፣ ሦስተኛው ላይ ጸጸት፣ አራተኛው ላይ ጡረተኛዋ መምህርት። በሯን ከፍታ አየችኝ። ሊፍቱን አየች። መልሳ እኔን አየች። «አንተ የሊፍቱ ሰውዬ አይደለህም?» አለችኝ። ትንፋሽ አጥሮኝ ስለነበር ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። «አሃ» አለችና በሯን ዘጋች። ያቺ «አሃ» እስከ ምሳ ድረስ ሕንጻውን በሙሉ ዞረች። ጠጋኙ ራሱ የማይሳፈርበት ሊፍት! ከሰዓት በኋላ አንድም ሰው አልተሳፈረም። ነፍሰ ጡሯ በባሏ ተደግፋ በደረጃ ወረደች፤ የዘጠነኛው ፎቅ አዛውንት በወንበር አውርዱኝ ብለው አመለከቱ፤ አንዱ ደግሞ ገመዱ በአንድ ክር ላይ እንደቀረ በዓይኑ ያየ ሰው እንደነገረው ይምላል። ሊፍቱ ባዶውን ወጥቶ ባዶውን ይወርዳል፤ እንደዚያ ቀን በጥሩ ሁኔታ ሠርቶ አያውቅም።

አለቃዬ ጠራኝና «ወይ ተሳፈር ወይ ሥራ ልቀቅ» አለኝ። «ሐኪም አዝዞኝ ነው» ስለው «የሊፍት ኩባንያ ሠራተኛ ደረጃ የሚያዝለት ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» አለ። ደረቱን ነፍቶ ሲናገር የሸሚዙ ቁልፍ ሊበጠስ ሲታገል አየሁ። በማግሥቱ ሊፍቱ በር ላይ በትልቁ ጽፎ ለጠፈ፦ «ሊፍቱ ጤነኛ ነው። ሠራተኛው ደረጃ የሚወጣው ጉበቱ ላይ ስብ ስላለበት ነው።» አንቺ ከዘመድ አዝማድ የደበቅሽውን እኔ ሕንጻ ሙሉ ሰው አነበበልኝ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ መምህርቷ አነበበችላቸው። ታዲያ ምን ሆንኩ? ምንም። እንዲያውም የዘጠነኛው ፎቅ አዛውንት ባዩኝ ቁጥር «ጉበቱ እንዴት አደረ?» ይሉኛል፤ የእኔን ጤና ጠይቀውኝ አያውቁም። መምህርቷ እሷም ተመርምራ የደም ግፊት ተገኝቶባት ከእኔ ጋር ደረጃ ትወጣለች፤ መንገዱን ሁሉ ሰዋስው ታርመኛለች፣ እኔ ደግሞ መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ የለኝም። አለቃዬም ማንም ሳያየው በኋላ በር በኩል በደረጃ መግባት ጀምሯል። ፊውዝ ነው ያየው፤ ስለዚህ ሁሉም አይቶታል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሟ ድጋሚ ለካችኝ። ከክብደቴ ከአሥር አንድ እጅ ያህል ወርዷል። ስቡ ቀንሷል፣ የደሙ ውጤት ወደ ልኩ ተጠግቷል፣ መቆጣቱ በርዷል። ጨርሶ ጠፍቷል አላለችም፤ «ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፤ ለስላሳውን ካልተውክ አይተውህም፣ ደረጃውን ከያዝክ ግን ይመለሳል» ነው ያለችኝ። ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ይቅር ባይ ጉበት ነው አለች፤ ጭነቱ ከቀለለለት ራሱን ይጠግናል፣ ገና ያልገረጀፈ ጠባሳ እንኳ ሊሳሳ ይችላል። እኔ ብዙ ጠጋኝ አውቃለሁ፤ ደንበኛውን እንደዚህ የሚታገሥ ግን አላየሁም።

ስለዚህ እትዬ፣ ያንን የቅጠል ጭማቂ ዛሬውኑ አቁሚው። ልብስ ሰፊዋ ክፋት የላትም፤ ግን የምንውጠውን ሁሉ የሚያጣራው ያው ጉበት ነው፣ ምን እንዳለበት ያልታወቀ ነገር ሊያጥበው ቀርቶ ሊያቆስለው ይችላል ብላኛለች ሐኪሟ። ጾም ውዬ አድሬ ላጥፋው እንዳትዪም፤ በድንገት መራብም ይጎዳዋል፣ ቀስ ተብሎ ነው። ሰው ጠግቦ እስኪነሳ አንቺ እንደማትቀመጪ አውቃለሁ፤ ከዚያ ደግሞ የተረፈው እንዳይጣል ብለሽ ከየሰሃኑ አንቺ ትጨርሺዋለሽ። ስታሳድጊን ያደረግሽው ነውና ምንም አልልሽም። አሁን ግን ልጆቹ አድገዋል፤ የተረፈ ምግብ ይጣል፣ አንቺ ትረፊ። ስለ ስኳርሽ፣ ስለ ግፊትሽ፣ ስለ ጠባሳ መኖር አለመኖር ደግሞ እኔ ከሩቅ የማውቀው ነገር የለም። እኔ የማውቀው የራሴን ጉበት ነው። ያንቺን የሚያውቀው ያየው ሐኪም ነው፤ እሱ ደግሞ ተመለሺ ብሎሻል።

ልጅሽ ለሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አስይዛልሻለች። ሳትነግርሽ ነው፤ እኔ ነኝ አትንገሪያት ያልኳት፣ ቀድመሽ ብትሰሚ ሐሙስ የሚደርስ ሥራ አታጪም።

ጋሼን እጅ ነስቻለሁ በዪልኝ። ሐሙስ አብረውሽ ይሂዱ፤ ከክሊኒኩ ሲመለሱ በእግር ቢሆን ለወገባቸውም ይበጃል። ትልቋን ልጅሽን ሳሚያት፤ ምሥጢር አትጠብቅም፣ ስለዚህ እግዜር ይባርካት። ትንሹን፣ ያንን ዝምተኛውን፣ ባይመልስልኝም ሰላም ብዬዋለሁ በዪው። ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በዪልኝ፤ ጠርሙሱን ስትመልሺላት በደግ ቃል ይሁን።

እማዬን ግንባሯን ሳሚልኝ። ስለ አባባ የጻፍኩትን ክፍል ደግሞ አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። እሷ ያልጠየቀችው ሰው የለም፣ እስካሁን ግን መልስ የሰጣት የለም። ስትጨርሺ «ታዲያ እናንተስ?» ትልሻለች፤ አውቃታለሁ። የእኔን ንገሪያት። ስለ ራስሽ «ሐሙስ ሄጄ ጠይቄ እነግርሻለሁ» በዪያት። ለእሷ የሰጠሽውን ቃል አንድ ቀን እንኳ አጥፈሽ አታውቂም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማድርበት ሕንጻ፣ ከስምንተኛው ፎቅ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን